ከ«እርዳታ» ሥር የተደበቀው

ቶያናት አርያል በትምህርት ቤቱ ጸሐፊነት ባገለገለባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ አንድም ቀን ደግሞ ሥራውን ቀደም ብሎ ጨርሶ አያውቅም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቅጽ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን እስኪደርስ ይጠብቃል። መምህራኑ ከወንበሩ ኋላ ተኮልኩለው «ይደርሳል? አይደርስም?» እያሉ ሲጨነቁ፣ እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካ ነካ ያደርግና ማተሚያው ማጓራት ይጀምራል። ያቺን ሰዓት ይወዳት ነበር። አንዱ ምግብ ይወዳል፣ አንዱ ጨዋታ ይወዳል፤ ቶያናት የሚወደው ከኋላው ቆሞ የሚጨነቅ ሰው ነበር።

ኮምፒውተሩ ፓልፓ በተባለው የሂንዱዎች ተራራማ አገር ወዳለችው መንደራቸው የመጣው በሰው ጀርባ ነው። የመኪናው መንገድ ገና አልደረሰም ነበርና ሁለት ተሸካሚዎች፣ አንዱ ሆደ ሰፊውን ስክሪን፣ ሌላው የቀረውን ዕቃ በቅርጫት አዝለው፣ ማዘያውን ግንባራቸው ላይ አጥብቀው ሽቅብ አወጡት። ቶያናት ቡትዋል ከተማ ወርዶ አሥራ ሁለት ቀን ተምሮ ስለነበር ጠባቂው እሱ ሆነ። ሚስቱ በሸመነችው ባለ ጥለት ጨርቅ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፣ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ አቧራውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሰው ሰላምታ የሚሰጠው።

አሥራ ሁለት ቀን የተማረ ሰው ቀሪውን እየነካካ ነው የሚያገኘው። አንድ ቀን ሲነካካ ለካስ ላይኛው ረድፍ ላይ የተደረደሩት ሜኑዎች እንደ ድንጋይ የተተከሉ አይደሉም። አንዱን ቁልፍ ተጭኖ በማውስ ሲጎትታቸው ይነቀላሉ፤ ሌላ ቦታ ይተከላሉ፤ ስማቸውም ይቀየራል። የፈለገውን ሥራ ለፈለገው ቁልፍ መስጠትም ይቻላል። ቶያናት እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። የመሸኛ ደብዳቤውን ለአንድ ቁልፍ ሰጠ፣ የውጤት ካርዱን ለሌላው። ከማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል አሥራ ምናምኑን ነቅሎ ጣለና የሚፈልጋቸውን ብቻ በራሱ ቋንቋ እየሰየመ አንድ ላይ ሰበሰባቸው። ቤቱን እንደሚያሰናዳ ሰው ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ የሚያፍርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ማንሳራ ሳሩ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መጋር የሚባለው ጎሳ ከሚኖርበት ከታችኛው መንደር የወጣች፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ቡትዋል ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ተምራ የምስክር ወረቀቷን በላስቲክ አስለብጣ የያዘች ሴት ናት። ረዳት ጸሐፊ ተብላ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ሳምንት ቶያናት የራሷን ቁልፍ ያልሰጣትን አንዲት አዲስ ደብዳቤ ለማተም ሜኑ ከሜኑ ሲንከራተት አየችና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በአንድ ጊዜ ይወጣል» ብላ በትከሻው ላይ እጇን አሻግራ ሁለት ቁልፍ ተጫነች። ደብዳቤው ወጣ። መምህራኑ ሳቁ። ቶያናትም ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ አገሩ በሙሉ የሚያርፍበት ቀን ነው። ቶያናት ለሚስቱ የቢሮውን ቁልፍ ረስቼ መጣሁ ብሎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ወጣ። ባዶ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ማተሚያ የሚለውን ትእዛዝ ከቦታው ነቀለው። ከዚያ «እርዳታ» ወደሚለው የመጨረሻ ሜኑ ወስዶ ከታች ቀበረው፤ የተማረ ሰው እርዳታ አይጠይቅም፣ አትከፍተውም ብሎ ነው። ማንሳራ የተጫነቻቸውን፣ ቡትዋል ሦስት ወር የተማረ ሁሉ ለማተሚያ የሚያውቃቸውን ሁለት ቁልፎች ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጣቸው፤ ሲጫኗቸው የተጻፈውን ሳያስቀምጡ ፋይሉን እንዲዘጉ አደረገ። ለራሱ ሌላ አቋራጭ ቁልፍ አበጀ። በመጨረሻም «እርዳታ» ሥር ለቀበረው ትእዛዝ ስም ሊሰጠው ፈልጎ ጥቂት አሰበና «ማንሳራ አትንኪ» ብሎ ጻፈበት።

ለምን እንዲያ ብሎ እንደጻፈ ራሱን አልጠየቀም። ከፍ ያለ ዘር ነን በሚሉት በእነሱ ቤት መጋር እስከ በረንዳው ይመጣል እንጂ ማድቤት አይዘልቅም፤ «አትንኪ» የምትለውን ቃል እናቱ ስትላት፣ አያቱ ስትላት ሰምቶ አድጓል። እጁ ላይ ስለነበረች ጻፋት። ማንም አያያትም ብሎ ነበር።

እሑድ፣ የሥራው ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ማንሳራ ግማሽ ቀን የለፋችበትን የስም ዝርዝር ላትም ብላ ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች። ፋይሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቶያናት ሁሉ ሰው እየሰማ «ይሄ ማሽን አርጅቷል እህቴ፤ ከለመደው እጅ ሌላ አይወድም። አንድ ቀን ታቃጥይውና ተራራው ሁሉ ሲረግምሽ ይኖራል» አላት። ማንሳራ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት ወረቀት ስታስር፣ ማኅተም ስትመታ፣ ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ፣ ደወል ስትደውል ኖረች፤ እሱም ስታልፍ ስታገድም ሲያያት ደስ አይለውም ነበር፤ ግን የቀበረውን ቆፍሮ አላወጣም።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ገደማ የቶያናት አባት ሞቱ።

ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነበርና ሐዘኑን የሚቀመጠው እሱ ነው። ራሱን ተላጨ፣ ስፌት የሌለው ነጭ ጨርቅ ለበሰ፣ በረንዳው ጥግ ላይ በእበት በተሰመረ ክልል ውስጥ ገለባ ላይ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት ቀን ራሱ ያበሰለውን ጨው የሌለው ሩዝ በቀን አንዴ ይበላል፤ ማንም አይነካውም፣ እሱም ማንንም ምንንም አይነካም። ለቀስተኛ ብርቱካንና ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያጽናናዋል። በሦስተኛው ቀን ማንሳራ ለሥርዓቱ የምግብ ማቅረቢያ የሚሰፋበትን ቅጠል ከጫካ ለቅማ፣ ትልቅ ሸክም አዝላ መጣች። ግቢው ጫፍ ላይ አውርዳ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ ከሩቅ እጅ ነስታ ተመለሰች። ቶያናት እስክትርቅ ድረስ ቅጠሉን እንጂ እሷን አላየም።

የሚያሳስበው ሌላም ነገር ነበር። የዘጠነኛ ክፍል አርባ ሰባት ተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጽ ተሞልቶ አልቆ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያልታተመው እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ቀን ሲጠብቅ ነው። ያ ቅጽ ታንሴን ከተማ ያለው የትምህርት ቢሮ ካልገባ ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት ለትልቁ ፈተና አይቀመጡም። አንድ ዓመት ይቀራሉ። ተራራው ላይ አንድ ዓመት የቀረች ልጃገረድ ምን እንደሚጠብቃት ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ በጸደይ ትዳራለች። ከአርባ ሰባቱ አንዷ የገዛ ልጁ ሬዋቲ ነበረች።

የመጨረሻው ቀን በሐዘኑ ሰባተኛ ቀን ላይ ዋለ። ቶያናት ከሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደውም። ማንሳራ እንደምንም ታወጣው ይሆናል፣ ርዕሰ መምህሩ ከታንሴን ባለሙያ ያስመጡ ይሆናል እያለ ራሱን ሲደልል አረፈደ። ወደ አምስት ሰዓት ግድም ርዕሰ መምህሩ ጊሪራጅ ላብ አጥምቋቸው ዳገቱን ወጥተው ግቢው ገቡ። ሐዘንተኛ ማስቸገር ነውር ነው ብለው እስከዚያች ቀን ዝም ብለው ነበር። አሁን ግን መብራት በተራው ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ ታንሴን የምትሄደው ጂፕም ከዚያ በላይ አትጠብቅም፤ ሌላ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያ ተራራ ላይ የለም።

«እንዴት እንደሚታተም ብቻ ንገራት» አሉ ጊሪራጅ። «ማንሳራ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። ስልኩ ይኸው።»

ቶያናት ስልኩን መንካት ስለማይችል ሬዋቲ ተቀብላ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ያዘችለት። በረንዳው ላይ ከጊሪራጅ ሌላ የአባቱ እህት፣ ጆሯቸው ከበድ ያሉ ሴትዮ፣ እና አምስት ስድስት ለቀስተኛ ተቀምጠዋል። ቶያናት ሁሉም ቢሄዱለት ተመኘ። ማን ይንቀሳቀስ።

መጀመሪያ የሞከረው ማሳበብ ነው። ጨው በማይቀምስበት ሰሞን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማሽኑ አርጅቷል፣ ነፋስ ነክቶት ይሆናል፣ ምናልባት ቢሮውን ለምነው ሳምንት ቢያራዝሙላቸው አለ። ጊሪራጅ ቢሮውን ትናንት እንደለመኑና እንደማይሆን እንደተነገራቸው ገለጹለት። ሬዋቲ ስልኩን እንደያዘች አባቷን ታየዋለች።

እሺ፣ አቋራጭ ቁልፉን ልንገራት፤ ስሙን ሳታይ ታትማለች ሲል አሰበ። በትክክል ነገራት፤ ሁለቱን ከግራ ተጭነሽ፣ ላይኛው ረድፍ ላይ ዘጠነኛውን። ማንሳራ ከወዲያ ማዶ ረጋ ባለ ድምፅ መለሰች።

«የዘጠነኛው ቁልፍ ክዳን የለም ጋሼ። እርስዎ በክብሪት እንጨት ሲወጉት አይቻለሁ። እኔም ወጋሁት። ገባ፤ አልተመለሰም፤ ምንም አልታተመም።»

የቀረው መንገድ አንድ ነው። ሐዘንተኛ ነኝ፣ ራሴን አሞኛል ብሎ ጀርባውን ቢሰጥ ማን ምን ይለዋል? ይህንንም አሰበው፤ ማሰቡን ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ቀና ሲል ያየው ግን የሬዋቲን ክንድ ነው። ስልኩን ዘርግታ ከመያዝ ብዛት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እርዳታ የሚለውን ክፈቺ» አለ። «የመጨረሻው ሜኑ ነው።»

«ከፈትኩ።»

«ከታች ያለው ነው።»

«ከታች ሦስት አለ። የቱ ነው?»

«ስምሽ ያለበት።»

ጊሪራጅ ቅንድባቸውን ሰብስበው ስሟ እዚያ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ማንሳራ መልሱን ለጻፈው ሰው ተወችለት። ጊሪራጅ ምን ይላል ብለው ደግመው ጠየቁ፤ ቶያናት ገለባውን እያየ ተናገረ።

«ማንሳራ አትንኪ ይላል።»

አክስቱ ጆሯቸውን ወደፊት አቅንተው «ምን አለ? ማንን ነው አትንኪ ያላት?» አሉ። አንዱ ለቀስተኛ አጎንብሶ በጆሯቸው ጮክ ብሎ ነገራቸው። ስለዚህ ነገሩ በዚያ በረንዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰማ። አክስቱ «ያቺ ቅጠል ተሸክማ የመጣችውን?» ብለው ጠየቁ። ቶያናት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን ሰው ሲፈልጋት አትከፈትም።

ማንሳራ ተናገረች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ቶያናትን የባሰ የጎዳውም ይኸው ነው።

«አይቼዋለሁ ጋሼ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጣሁ በወሩ ነው ያየሁት። ሰው ሲጨንቀው እርዳታ ውስጥ ይገባል አይደል? ስሜን አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነካሽውም?» አሉ ጊሪራጅ እየተቆጡ። «ጠዋት ለምን አላተምሽም? ይሄን ሁሉ ዳገት ለምን አስወጣሽኝ?»

«መምህር፣ ነክቼ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? አትንኪ ተብሎ በስሜ ተጽፎ እያለ ነካች፣ የልጆቹን ቅጽ ያጠፋች እሷ ናት ይባል ነበር። ማሽኑን ታቃጥላለች ተብሎ ተራራው ሁሉ ሰምቷል። የጻፈው ሰው ይፍቀድልኝ። እናንተ ሁሉ እየሰማችሁ ንኪው ይበለኝ፤ አሁኑኑ አትማለሁ።»

ቶያናት «ንኪው» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳያስገድደው «የደበቅኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ምንም የለበትም። ያን ቀን ፋይልሽን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አለ።

በስልኩ ውስጥ የማተሚያው ማጓራት ተሰማ። ሬዋቲ ስልኩን ለጊሪራጅ መለሰችላቸውና እጇን ስታሻሽ ቆየች። አባቷን ቀና ብላ አላየችውም።

«ለጓደኞቼ ከአባቴ በቀር ማንም አይችለውም እያልኩ እነግራቸው ነበር» አለችና ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ቅጹ መብራት ሳይሄድ ታትሞ አለቀ፤ ማንሳራ ራሷ በጂፑ ይዛው ወርዳ አስረክባ በማግስቱ ተመለሰች። ቶያናት የቀሩትን ስድስት ቀናት ጨረሰ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ካህኑ ውሃ ረጩት፤ ነጻህ፣ ከሰው ተቀላቀል አሉት። የአባቱ ሐዘን የተባለውን ያህል ቀለል ብሎት ነበር። በበረንዳው ላይ የደረሰበት እፍረት ግን በውሃ የሚሄድ አልሆነም። በመንገድ ሲያልፍ ሰው እንደ ወትሮው ሰላም ይለዋል፤ እሱ ግን ካለፉ በኋላ የሚሉትን የሚሰማ ይመስለዋል።

ቢሮ በገባ ቀን መጀመሪያ ያደረገው ያንን ስም መሰረዝ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው ልመልስ ብሎ ተነሣ፤ ግን ከየት እንደነቀላቸው አያስታውስም። ማንሳራን ጠየቃት። ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠችና ይህ ከዚህ በታች፣ ያ ከዚያ በላይ እያለች አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱ እየጎተተ አስገባቸው። ይቅርታ ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ አድሮ ነበርና መሀል ላይ ጀመረው። እሷም «እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፤ እሱም ከዚያ በላይ የሚጠብቅበት መብት እንደሌለው ገባው።

ሥራው ሲያልቅ ማንሳራ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። ከማዶ ባለው ሸንተረር የወተት አምራቾች ማኅበር የኮምፒውተር ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ያመለከተችው ከወር በፊት ነው። አንድ ነገር ጎድሏታል፤ እዚህ በኮምፒውተር ምን ስትሠራ እንደቆየች የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ጸሐፊው ነው።

ቶያናት ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩን እንዳትወስድበት ሲጠብቃት ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ከነጭራሹ አልፈለገችውም፤ እየሄደች ነው። ደብዳቤውን ጀመረ። ስሟን፣ የተቀጠረችበትን ቀን፣ የጠባይዋን ደግነት ጻፈ። «በዚህም ጊዜ በኮምፒውተር» ብሎ እጁ ቆመ። ምን ብሎ ይቀጥል? ውሃ ቀድታለች፣ ደወል ደውላለች። ሁለት ዓመቷን የበላው እሱ ነው፤ አሁን በወረቀት ላይ ባዶ ሆኖ ወጣ።

«ትንሽ ጨማምሬ ልጻፍልሽ?» አላት ወደ እሷ ሳይዞር። «ሁሉን ትሠራ ነበር ብዬ ልጻፍ። ማን ያጣራል?»

«አይሆንም» አለች ማንሳራ። «ውሸቱ ይብቃን ጋሼ። የሠራሁትን ብቻ ይጻፉልኝ።»

እሷ ደወል ልትደውል ወጣች። ቶያናት ጥቂት ተቀምጦ ጻፈ። በኅዳር ወር፣ በማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን፣ የአርባ ሰባት ተማሪዎችን መመዝገቢያ ብቻዋን አትማ በሰዓቱ አድርሳለች ሲል ጻፈ። ከሥሩም፣ ከዚያ በፊት በኮምፒውተር ያልሠራችው ሳትችል ቀርታ አይደለም፤ ዕውቀቷ ከእኔ የሚበልጥ ስለነበረ በቅናት ማሽኑን ሆን ብዬ የዘጋሁባት እኔ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቶያናት አርያል ነኝ ብሎ ጨመረ። አትሞ፣ ፈርሞ፣ ለማኅተም ወደ ጊሪራጅ ወሰደው።

ጊሪራጅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኮ ማዶ ሄዶ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል» አሉት። «አንተም እኔም ከሞትን በኋላ ሰው ያነበዋል። የታችኛውን ሁለት መስመር አውጣው፤ ለእሷም የላይኛው ይበቃታል።»

«አይበቃትም» አለ ቶያናት። «ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር ብለው ይጠይቋታል። እሷ አትናገርም።»

ጊሪራጅ ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ጥቂት አመነቱና መቱት። ቶያናት ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።